የጓሮው በር ጉዳይ

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ምላስ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ይቅር። የሰፈሩ ሰው «ቀደዳው» እያለ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ፤ ስም እንደ ጉንፋን ነው፣ ባትፈልጉትም ይይዛችኋል። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትም የድርሰት መምህሩ የጻፍኩትን አንብቦ «ይሄ ልጅ ከዚህ በላይ ከተማረ ከተማውን ያጣላል» ብሎ ስለፈራ ነው። እሱን ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ። የዛሬው ወሬ ግን ስለ እህቴ ባል ነው፤ በእሱ ላይ አልዋሽም፤ የሚያስዋሽ ነገርም አላጎደለብኝ።

ነገሩ የጀመረው እህቴ በዚያ ሐሙስ ጠዋት የክት ጫማዋን በማድረጓ ነው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ከነጠላ ጫማ አትወርድም፤ ያን ቀን ግን ተረከዙ «ቋ ቋ» የሚል ጥቁር ጫማ፣ የተተኮሰ ቀሚስ፣ ቦርሳም ጭምር ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ መታጠቢያው መስታወት ፊት ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ የስንብት ንግግሩን ይለማመዳል። ከሃያ ዓመት በላይ በሰፈሩ ተመርጦ ከተማው ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ያ ሐሙስ ደግሞ የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ጠዋት የመጨረሻዎቹን ባለጉዳዮች ያነጋግራል፣ ከሰዓት በኋላ ከታችኛው መንገድ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣውን አዲሱን የድንጋይ ደረጃ ይመርቃል፣ ማታ ጡረተኛ ሆኖ ይተኛል። «ክቡራትና ክቡራን» ይላል፣ ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፣ እንደገና «ክቡራትና ክቡራን» ይላል። እትዬ ዳቦና ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ወጣሁ» አለች። «እሺ» አለ አፉ በአረፋ እንደተሞላ። የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አያውቁም። ዝም ነው የሚባባሉት። ዝምታቸው እንደ ከባድ የቤት ዕቃ ነው፤ አቧራው ይወለወላል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም።

ያ ዝምታ የተወለደው ማድ ቤት ውስጥ ነው። የቤታችን ማድ ቤት ጠባብ ነው፤ ምድጃው በግራ፣ ዕቃ ማጠቢያው በቀኝ፣ ፊት ለፊት ግድግዳውን ከዳር እዳር የሸፈነ ቡናማ ብፌ። ከብፌው ጀርባ በር አለ። በሩ ወደ ጓሮው ቅያስ ያወጣ ነበር፤ ከቅያሱ ማዶ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ቢዘረጋጋ የሚገናኝበት ያህል ላይ፣ የልብስ ሰፊዋ በር ነው። ልብስ ሰፊዋና እህቴ ጨው ሲያልቅ ጨው፣ ወሬ ሲሞላ ወሬ፣ ከደጃፍ ደጃፍ እየተቀባበሉ ነው ወጣትነታቸውን የጨረሱት። ጋሼ መጀመሪያ የተመረጠ ሳምንት ግን ባለጉዳይ በማድ ቤት መግባት ጀመረ። በፊት ለፊት ተራ መጠበቅ የሰለቸው ሁሉ በጓሮ ይዞርና እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች «እንደምን አደርሽ፣ ሰውየው አሉ?» ይላታል። አንዱ የጋራዥ ባለቤት እስኪጠራ ሲጠብቅ የድስቱን ክዳን አንስቶ ቀመሰና «ጨው ያንሰዋል» አላት። ጋሼ የተቆጣው ግን ለጨው አልነበረም። «ተመራጭ ሰው በጓሮ በር አያስገባም» አለ። «ነገ ‹በጓሮ ነው የሚሠራው› ይሉኛል። ከእንግዲህ ባለጉዳይ ቢሮ እንጂ ቤት አልቀበልም።» ከውጪ ጣውላ መታበት፣ ከውስጥ ብፌውን አስጠጋበት። ሲመታ አንዱን ሚስማር በጥርሱ ይዞ ነበር፤ በጥርሱ እንደያዘ «ለጊዜው ነው» አላት። ክፋት የለበትም። ንጹሕ ሰው ነው። የንጹሕ ሰው ችግሩ ጥፋቱንም በንጹሕ ልብ ማጥፋቱ ነው።

በእኛ ከተማ «ለጊዜው» ከድንጋይ የጠነከረ ነገር ነው። ለጊዜው ሲተከል አያቶቻቸው ያዩትን የስልክ እንጨት ዛሬ የሚደገፉ ልጆች አሉ። እህቴም ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ለመድፋት ባልዲዋን ይዛ በሳሎን፣ በእንግዳ መሀል፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ታልፋለች። ልብስ ሰፊዋ ጋ ለመድረስ ደግሞ በዋናው በር ወጥታ፣ ዳቦ ቤቱን አልፋ፣ ጋራዡን ዞራ፣ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት አለባት። ጉልበት ሳለ ምንም አልነበረም። ኋላ የልብስ ሰፊዋ ጉልበት ታመመ፣ የእህቴም ወገብ ተከተለ። ያኔ በግድግዳ መጠያየቅ ጀመሩ። እትዬ በማማሰያ ትመታለች፣ ልብስ ሰፊዋ ከቅያሱ ማዶ ተንጠራርታ በሜትር እንጨቷ። አንድ ምት «አለሽ?» ነው። ሁለት ምት «አለሁ»። ጋሼ ሬዲዮውን እየሰማ ሳሎን ይቀመጣል፤ ግድግዳው «ኳ» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ «ኳ ኳ»፤ እሱ የውሃ ቧንቧ ይመስለዋል ብለን ነበር ሁላችንም። እህቴ በሩን እንዲከፍትላት ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ይታያል።» እኔ አንድ ቀን መዶሻ ይዤ ብነሳ እጄን ያዘችኝ። «ተው» አለችኝ። «የዘጋው ይክፈተው።»

«ይታያል» የጋሼ የክርስትና ስሙ እስኪመስል ድረስ ሰፈሩ የሚጠራው በሱ ነው። ባለጉዳይ ተናግሮ ሲጨርስ ይነሳል፣ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ እጅ ይጨብጣል፣ «ይታያል» ይላል። ሐሜተኛ እንዳልባል፣ ካለው ውስጥ ብዙው ታይቷል። የመንገድ መብራት አስገብቷል፣ ቧንቧ አስዘርግቷል፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አስቀይሯል። ያልቀናውም አለ። አደባባዩ ላይ ያሠራው ፏፏቴ በምረቃው ቀን በእሳት አደጋ መኪና ውሃ ፈነደቀ፣ በማግስቱ ደረቀ፣ ዛሬ እርግቦች ወልደው ከብደውበታል። ድልድይም አሠርቶ ነበር፤ ድልድዩ ባለቀ ክረምት ወንዙ ሌላ መንገድ መረጠ፣ ምን እንዳስቀየመው እስካሁን የሚያውቅ የለም። ደረጃው ግን ሌላ ነው። ለደረጃው ስንት ከንቲባ ለምኗል፣ ስንት መሐንዲስ ሻይ ጋብዟል። ዳገቱ በዝናብ ጭቃ ሆኖ አሮጊቶች በቂጣቸው የሚወርዱበት ነበር፤ አሁን የተጠረበ ድንጋይ፣ ለእጅ መደገፊያ እንጨት፣ ከታች ደግሞ ስሙ የተቀረጸበት እብነ በረድ። «ከሞትኩ በኋላ የምቀረው እዚህ ላይ ነው» ይል ነበር።

እኔ የማዘጋጃ ቤቱ የማይክና የሞንታርቦ ሠራተኛ ነኝ። ያን ጠዋት ለምረቃው ዕቃ ላወጣ ስገባ የጋሼ ቢሮ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የመጨረሻ ቀኑ መሆኑን የሰማ ሁሉ ጉዳይ ባይኖረውም ፈልጎ ይዞ መጥቷል። በሰፈራችን ባለ ሥጋ ቤትና ግድግዳው ላይ ባለው ማስታወቂያ መሀል፣ ዘበኛው የሚያድለውን የፕላስቲክ ቁጥር በሁለት እጇ ይዛ፣ እትዬ ተቀምጣለች።

«እትዬ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ቤት ብትነግሪውስ?»

«ቤት ባለጉዳይ አልቀበልም ያለው ራሱ ነው» አለችና ቁጥሯን እንደ ፎቶግራፍ አየት አየት አደረገችው።

ከፊቷ ያሉት ተራቸውን ሊለቁላት ፈለጉ፣ እምቢ አለች። ዘበኛው «እመቤቴ፣ እርስዎማ ይግቡ» አላት፣ «ተራ ተራ ነው» አለችው። ከዚያማ ኮሪደሩ ታመሰ። ሁሉም እኔን መጎተት ጀመረ፤ ለአንዱ «ልትፈታው ነው» አልኩት፣ ለሌላው «በሚቀጥለው ምርጫ ልትወዳደር ነው» አልኩት፣ ለሦስተኛዋ በጆሮዋ «ቤቱ ሥር የነዳጅ ጉድጓድ ተገኝቶ ነው» አልኳት። የሥጋ ኪሎ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ሲነጫነጭ የነበረው ወረፋ በሙሉ ስለ ዋጋ ማውራቱን ተወ። ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ባለ ሥጋ ቤቱ ክንዴን ይዞ «ሰምተሃል? ነዳጁን ለመካፈል ነው የሚፋቱት» አለኝ። ወሬ እንዲህ ነው፤ ጥሬውን ትሰጣለህ፣ ሠርተው ይመልሱልሃል።

ተራዋ ሲደርስ ማይኬን ይዤ ተከትያት ገባሁ። በሩ አጠገብ ቆሜ ባትሪ መቀየር ጀመርኩ፤ ባትሪው በጣም አስቸገረኝ። ቢሮው ውስጥ ጋሼ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እሱን የምትተካው አዲሷ ተመራጭ፣ ሥራ ለመልመድ እስክሪብቶ ይዛ የተቀመጠች ቀጭን ወጣት፣ ነበሩ። እትዬ በሩን ዘጋች፣ ወንበር እስኪያሳያት ቆመች።

«እንደምን አደሩ፣ ክቡር ተመራጭ።»

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው። አጠገቧ ያደረ ሰው ነው፤ እንዴት እንዳደረ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ምነው? ቤት ምን ሆነ? ጋዙን ረሳሽው?»

«ቤት ደህና ነው። እርስዎን ለማስቸገር ነው የመጣሁት። ነዋሪ ነኝ።»

ጋሼ ተተኪዋን አየ፣ እኔን አየ፤ ማናችንም አላዳንነውም። «አንቺ» ቢላት ባለጉዳይ ሰደበ፣ «እርስዎ» ቢላት ሚስቱን አጣ። ጉሮሮውን ጠረገና «ይቀመጡ» አለ። እትዬ ከንፈሯን ነከሰች፤ ለሳቅ ይሁን ለሌላ ነገር ከጎን ሆኜ አልታየኝም።

«ጉዳይዎ?»

«የመተላለፊያ ጉዳይ ነው» አለች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ከማድ ቤቴ ወደ ጓሮ የምወጣበት በር ነበረኝ። ለጊዜው ተብሎ ተዘጋ። ጎረቤቴ ጉልበቷን ታማለች፣ ዞራ መምጣት አትችልም። እኔም ዳገቱን እንደ በፊቱ አልወጣውም። አፍንጫና አፍንጫ ተቀምጠን የምንጠያየቀው በግድግዳ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም እያረጀን ነው፤ አንድ ቀን አንዳችን ግድግዳውን መትታ መልስ ታጣለች። ከዚያ በፊት እንዲከፈትልኝ ነው የመጣሁት።»

«በሩን የዘጋው አካል ማነው?» አለች ተተኪዋ በቅን ልብ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«እሱን ክቡርነታቸው ያውቁታል» አለች እትዬ።

እንግዲህ ልማድ ክፉ ነው። ጋሼ ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እጇን ጨበጠ። «ይታያል» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ራሱ የሰማው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ትኩስ ድንች የዋጠ ሰው ፊት ነበር። እትዬ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ በሙሉ «ምን አለሽ? ምን አለሽ?» ሲላት «ይታያል አሉኝ» አለች፤ ወረፋው በሳቅ ፈረሰ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ተረከዟ «ቋ ቋ» እያለ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወረደች።

ቢሮው ውስጥ ግን ጋሼ መቀመጡን ረስቶ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል። ተተኪዋ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ዛሬ ያልተቋጨ ጉዳይ ሁሉ ከነገ ጀምሮ የሚተላለፈው ወደ እኔ ነው። ይሄኛውንስ... እኔ ልያዘው?» ቀለደች እንዳትሉ፤ ቀልድ የማታውቅ ልጅ ናት፣ ለሥራው ጥሩ ትሆናለች። «የእርስዎን ማድ ቤት ማለቴ ነው» ብላ ጨመረች፣ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን። ቀጥሎ የገባው ባለ ሥጋ ቤቱ ነበር፤ ስለ ጠፋ የመንገድ መብራት ተናግሮ ጨርሶ እጁን ለመጨበጫ አዘጋጅቶ ቢጠብቅ ጋሼ ዝም። «ምነው ጌታዬ» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ ደንግጦ፣ «የኔ አይታይም?»

ከሰዓት በኋላ ታችኛው መንገድ ላይ ሞንታርቦዬን ተከልኩ፣ ሌላውን ደግሞ ከላይ፣ ንግግሩ ከሚደረግበት ዘንድ አስቀመጥኩ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የማርሽ ባንድ መጥቷል፣ ከንቲባው መጥቷል፣ ሰፈሩ መጥቷል፣ ፀሐዩ መጥቷል። ከእጅ መደገፊያው የላይኛው ጫፍ ላይ አናጢው አሁንም ሚስማር እየመታ ነው፤ ሳይመረቅ ያለቀ ነገር እኛ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። እትዬ አልነበረችም። ጋሼ ሰዉን በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። ከንቲባው «አጭር ንግግር» ብሎ ጀመረ፤ እሱ ሲጨርስ የጥላው አቅጣጫ ተቀይሯል። ከዚያ ጋሼ ከውስጥ ኪሱ፣ ከመነጽር ማኅደር ውስጥ፣ መቀሱን አወጣ። መቀሱ የራሱ ነው። በመጀመሪያው ምረቃው ላይ የቢሮው መቀስ ሪባኑን ዝም ብሎ አላምጦ፣ በመጨረሻ የዚያን ጊዜው ከንቲባ በጥርሱ ነው የበጠሰው፤ ከዚያ ወዲህ ጋሼ የልብስ ሰፊ መቀስ ኪሱ ውስጥ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ከማን እንደገዛው መገመት አያቅታችሁም። ሪባኑን ቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ባንዱ ጀመረ፣ ጋሼ በደረጃው የመጀመሪያው ሰው ሆኖ መውጣት ጀመረ።

ከኋላው ከንቲባው እያለከለከ፣ ከከንቲባው ኋላ ባንዱ፣ ከባንዱ ኋላ ሰፈሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ መለከት ነፊዎቹ ትንፋሽ አጡ፤ ወዲያው ክላርኔቱም አፈረና ዝም አለ፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ትልቁ ከበሮ ብቻ ነው፣ «ዱም... ዱም...» እያለ። ጋሼ የመጨረሻውን ድንጋይ ረገጠና ቆመ። እሱ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ደረጃው ላይ ተደራርቦ ቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋሼ ደረጃውን የሚያውቀው በወረቀትና ከታች በኩል ነው፤ ሲጎበኝ መኪናው የሚያቆመው ታችኛው መንገድ ላይ ነበር። ወረቀት ላይ ደግሞ የሰው ማድ ቤት አይሣልም። ደረጃው የሚያወጣው እኛ ጓሮ ቅያስ ላይ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ፊት ለፊቱ፣ በዝናብ ጠቁረው፣ ሚስማራቸው ዝጎ እንባ የመሰለ ቀይ መስመር ያወረዱ ሦስት ጣውላዎች አሉ። እንዲህ አጣምሞ የሚመታ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። በዚህ በኩል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ጨርቋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ጣውላው አዙራ ተቀምጣለች።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው መርፌዋን ሳታቆም። «መንገዱ ሩቅ ነበር?»

ጋሼ ዞር አለና አናጢውን «ያንን መዶሻ» አለው። ኮቱን አወለቀ፣ የሚሰጠው ሰው አጥቶ ለከንቲባው አሸከመው። «ንግግሩስ?» አለ ከንቲባው። «ይቆይ» አለ ጋሼ፣ «ለጊዜው።» የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል የጮኸውን ጩኸት አልረሳውም፤ ማይኩ እጄ ላይ ክፍት ስለነበረ ጩኸቱ በሁለቱም ሞንታርቦ ወጣ፣ የሦስት ሰፈር ውሻ መለሰለት፣ በማዶው ሠርግ ቤት አንድ ሙሽራ ወንበሩን ለቆ ሸሸ ይባላል። ሁለተኛው ጣውላ ወረደ፣ ሦስተኛው ወረደ። ጋሼ በሩን ገፋ፤ ብፌው አለ፣ አልተነቃነቀም። ላቡ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ከዚያ የመዶሻውን እጀታ አነሳና በሩን አንዴ መታው። ኳ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አቆመች። ለካ ይሰማ ኖሯል። ስንት ዓመት ሬዲዮውን እየሰማ ግድግዳውንም ይሰማ ኖሯል።

ከውስጥ ዝም። ሰፈሩም ዝም፣ ከበሮውም ዝም። ከዚያ ኳ ኳ።

«ማነው?» አለ የእትዬ ድምፅ ከብፌው ጀርባ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ጋሼ ወደ ሰዉ ዞሮ አየ፤ ከንቲባው ኮቱን እንደታቀፈ አፉን ከፍቷል። «ነዋሪ ነኝ» አለ። «የመተላለፊያ ጉዳይ ነበር።»

«ወረፋ ያዝ!» አለ ከደረጃው ግርጌ ባለ ሥጋ ቤቱ። እኔ ማይኬን ይዤ ሮጥኩ። ጋራዡን ዞሬ፣ ዳቦ ቤቱን አልፌ፣ በዋናው በር፣ በሳሎን፤ ያ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ማለክለኬም ለከተማው በቀጥታ ተላልፏል። እትዬ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ብፌውን ይዛ ቆማለች። ጋሼ ከውጪ፣ እኛ ከውስጥ፤ ሰሐኑ ተንኳኳ፣ አንድ ብርጭቆ ወደቀ፣ ብፌው እያቃሰተ ተንሸራተተ። ከጀርባው ሁለት የጠፉ ማንኪያዎችና የጋሼ የመጀመሪያው የምርጫ ፖስተር ተገኙ፤ ፖስተሩ ላይ ሙሉ ፀጉር አለው። በሩ ተከፈተ። ብርሃን ወለሉን አቋርጦ እስከ ምድጃው ገባ። አንዱ ከታች የተቆረጠውን ሪባን ትርፍ ይዞ መጥቶ ኖሮ ከመቃን መቃን ወጠረው፤ ሪባኑ ለብክነት የሚሆን አይደለም፣ ሜትሩ ዛሬ ከግማሽ ኪሎ ሥጋ ይወደዳል። ጋሼ እዚህ፣ እትዬ እዚያ፣ ሪባኑ መሀላቸው። ማይኩን አስጠጋሁለት። «ክቡራትና ክቡራን» አለ። «በሥራ ዘመኔ ብዙ መንገድ አስከፍቻለሁ። ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰው ወደ ሰው ቤት መሆኑን ግን ዛሬ ደረጃ ስወጣ ተማርኩ። ይህን በር የዘጋሁት ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ስሜ አልጠፋም፤ እብነ በረድ ላይ አለ። የጠፋው የሁለት ሴቶች ጨዋታ ነው። ባለቤቴን፣ በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሪባኑ ተቆረጠ። ጭብጨባው ከጣሪያው ላይ እርግብ አስነሳ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ልብስ ሰፊዋን ሊደግፋት ሮጠ። «ወዲያ በል» አለችው፣ «ለዚህችስ አልደገፍም።» ምርኩዟን ይዛ ቅያሱን ተሻገረች፣ ደፉን አለፈች፣ ማድ ቤቱ መሀል ቆማ ዙሪያውን አየች። «ግድግዳውን መቼ ነው ቀለም የቀየርሽው?» አለቻት እህቴን። «ሦስቴ ቀየርኩት» አለች እትዬ፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ነው ተባባሉ፤ ሽንኩርት ግን አልነበረም። ወዲያው ሰፈሩ ሊያያቸው ገባ፣ ባንዱም ተከተለ። ትልቁ ከበሮ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ወደፊት ቢሉት እምቢ፣ ወደኋላ ቢሉት እምቢ፤ ከበሮ መቺው ሆዱ ከበሮው ላይ እንደታሰረ ግማሹ ማድ ቤት ግማሹ ቅያስ ቀረ። ከንቲባው መውጫ ስላጣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፎ ሻይ ጠጣ፣ የጋሼን ኮት እንደታቀፈ። በመጨረሻ አናጢው መቃኑን ፈልቅቆ ነው ከበሮውን ያዋለደው። ጠርዙ የተፈለቀቀው ቦታ አሁንም አለ፤ ሄዳችሁ እዩት፣ እኔ ቀደዳ ብሆን በሩ አይቀድድም።

እብነ በረዱ ላይ ያለውን ስም እስከዛሬ ያነበበ ሰው አላገኘሁም። ሰፈሩ ደረጃውን «በይታያል ውጣ፣ በይታያል ውረድ» ነው የሚለው፤ የቸኮለውማ በማድ ቤታችን አቋርጦ በሳሎን ይወጣል። ጋሼ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምግብ ማብሰል ጀምሯል፤ እትዬ ቀኑን ሙሉ ደፉ ላይ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተቀምጣ ታዘዋለች። ባለፈው የጋራዡ ባለቤት፣ እሱም አርጅቷል፣ በጓሮ ገብቶ ክዳኑን አነሳ፣ ቀመሰ፣ «ጨው ያንሰዋል» አለ። ጋሼ ማማሰያውን አስቀምጦ የሽርጡን ማሰሪያ አጠበቀና እጁን ጨበጠው። «ይታያል» አለው።

አሁን፣ ስለማልኩ፣ ምላሴንም ስለምፈልጋት፣ አንዲት ነገር ላስተካክል። ከበሮው ፈጠራ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ከበሮው እውነት ነው፣ የሸሸው ወንዝም፣ የከንቲባው ሻይም። የፈጠርኩት ንግግሩን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሲናገር የኖረ ሰው በመጨረሻ ቀኑ ባዶ አፉን ሲቆም ማየቱ ከበደኝና የኔን ቃል አለበስኩት። እውነቱ፣ ማይኩን ሳስጠጋለት ጋሼ አፉን ከፈተ፣ «ክቡራ...» እንኳን አልወጣውም። መቀሱን ገለበጠና በእጀታው በኩል ለእህቴ ዘረጋላት። ማይኩ ክፍት ነበር። ከተማው በሙሉ፣ ላይኛውም ታችኛውም ሰፈር፣ ከዚያ ሁሉ የስንብት ንግግር የሰማው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፦

ቅጭ።